ራይድ፣ ባጃጅና ኮንትራት፦ ከጎጃም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከእንጅባራ ሰዎች ስለ ጥሪ ታክሲ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

ራይድ፣ ፈረስ፣ ያንጎ የሚባሉት ምንድን ናቸው? ከኮንትራት ታክሲ በምን ይለያሉ?

ኩባንያዎቹ በዋናነት ያላቸው ሶፍትዌርና የጥሪ ማዕከል ነው። መኪናው የሹፌሩ ወይም የሌላ ባለንብረት ነው። ተሳፋሪ በስልኩ ይጠራል፣ ሲስተሙ በቅርብ ያለውን ሹፌር ይፈልጋል፣ ሹፌሩ ከተቀበለ ይመጣል። ለዚህ ማገናኘት ኩባንያው ከሂሳቡ ላይ ኮሚሽን ይቆርጣል።

ይህ አሠራር በዓለም ላይ የገነነው እ.ኤ.አ. በ2009 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በተመሠረተው ኡበር ነው። ኡበር ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም። እኛ አገር ሥራውን ካስለመዱት አንዱ በሳምራዊት ፍቅሩ የተመሠረተው ራይድ ነው። ዛይራይድ፣ ፈረስ፣ ሰረገላና ሌሎችም መጡ፤ የውጭ ስም ያለው ያንጎም ቆይቶ አዲስ አበባ ገባ።

ከኮንትራት የሚለየው ከሁሉ በላይ በዋጋው ነው። ኮንትራት ስንይዝ ዋጋው በክርክር ይወሰናል። በአፕ ሲጠሩ ግን ግምቱን ከመሳፈርዎ በፊት ያዩታል፤ የሹፌሩ ስምና የመኪናው ታርጋም አብሮ ይመጣል።

ስማርት ስልክ ከሌለኝ መጠቀም አልችልም ማለት ነው?

ይችላሉ። ራይድ በ8294፣ ፈረስ በ6090 ጥሪ ይቀበላሉ። በተራ ስልክ ደውለው ያሉበትንና የሚሄዱበትን ይናገራሉ፣ ሹፌሩ ይደውልልዎታል። ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ እናትና አባቶቻችን እነዚህን ሁለት ቁጥሮች በወረቀት ጽፈው ቢይዙ ብዙ እንግልት ይቀንስላቸዋል።

የጥሪ ማዕከል መኖሩ ለእኛ አካባቢ ቀላል ነገር አይደለም። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለረጅም ወራት ቆይቷል። በዳታ ብቻ የሚሠራ ነገር ሁሉ ያን ጊዜ ቆመ። ስልክ በሚሠራበት ቦታ ግን ሰው የሚያውቀውን ባጃጅ ደውሎ መጥራቱ አልቀረም።

ዋጋው እንዴት ነው የሚሰላው? ትናንት የሄድኩበት መንገድ ዛሬ ለምን ጨመረ?

መነሻ ዋጋ አለ፤ በላዩ ላይ ኪሎ ሜትሩና የወሰደው ደቂቃ ይታሰባል። መንገድ ከተዘጋጋ ርቀቱ ሳይጨምር ሂሳቡ ይጨምራል። በአንዳንዶቹ ኩባንያዎች ደግሞ ጠሪው በዝቶ መኪናው ሲያንስ ዋጋው ከፍ ይላል። ዝናብ ሲጥል፣ የበዓል ዋዜማ ላይ፣ ሠራተኛ በሚወጣበት ሰዓት ይህ ያጋጥማል። ካልቸኮሉ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ማየት ነው። ሲወርዱ ከግምቱ በጣም የራቀ ሂሳብ ከመጣ ግን የሹፌሩን ስልክ አይተው ኪሎ ሜትሩን ይጠይቁ። መብትዎ ነው።

ከባጃጅ ይረክሳል ወይስ ይወደዳል?

በሰው ከሚከፈል ባጃጅ ወይም ሚኒባስ ጋር ካወዳደሩት ይወደዳል። ባሕር ዳር ላይ ከፔዳ ግቢ ጊዮርጊስ ድረስ ሦስት ሆናችሁ በተጋራችሁት ባጃጅ የምትከፍሉትን ገንዘብ ማንም ጥሪ ታክሲ ሊወዳደረው አይችልም። ባይወዳደረውም ይሻላል፤ ተማሪና የቀን ሠራተኛ የሚንቀሳቀሰው በዚያ ዋጋ ነው።

መወዳደር ያለበት ከኮንትራት ጋር ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ይለወጣል። ማታ መናኸሪያ የወረደ ሰው ያውቀዋል። ከደጀን የመጣው መኪና ደብረ ማርቆስ ሲገባ መሽቷል። አንዲት እናት አንድ ኬሻ ጤፍና አንድ ዘንቢል ይዘው ይወርዳሉ። «እማማ፣ የት ልውሰድዎት?» ይላል ልጁ። ሰፈራቸውን ይነግሩታል። ዋጋውን ከመናገሩ በፊት ኬሻውን ያያል፣ ሰማዩን ያያል፣ ሌላ ባጃጅ መኖር አለመኖሩን ዞር ብሎ ያያል። ያን ጊዜ የሚጠራው ዋጋ የርቀቱ አይደለም፤ የእሳቸው መቸገር ዋጋ ነው። እሳቸውም ይህን ያውቃሉ፣ ግን ምን ያደርጋሉ?

ዋጋን አስቀድሞ የሚያሳውቅ አሠራር ዋናው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የግድ አፕ መሆን የለበትም። መናኸሪያው በር ላይ በትልቁ የተጻፈ የኮንትራት ታሪፍም ግማሹን ችግር ይፈታል።

ታዲያ በጎጃም ከተሞች ለምን እንደ አዲስ አበባ አልተስፋፋም?

አንዱ ምክንያት ርቀቱ ነው። ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ከዳር እስከ ዳር በባጃጅ ቶሎ ይታለፋል። አጭር ጉዞ ላይ የሚቆረጥ ኮሚሽን ለኩባንያውም ለሹፌሩም ጠብ የሚል ነገር የለውም። ባሕር ዳር ይሻላል፤ ከአየር ማረፊያው እስከ አባይ ማዶ፣ ከዚያም እስከ ዘንዘልማ ድረስ ሰፍታለች። በግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የአባይ ድልድይም ሁለቱን ወገን በደንብ አቀራርቧል። እንዲያም ሆኖ የከተማዋን ሕዝብ በብዛት የሚያመላልሱት ባጃጆች ናቸው። ብስክሌቱንም አንርሳ።

ነዳጅ ሌላው ነው። በክልል ከተሞች ቤንዚን የሚገኘው አንድ ቀን ተሰልፎ፣ አንድ ቀን በሃይላንድ ከመንገድ ዳር ተገዝቶ ነው። የአፕ ዋጋ ደግሞ የማደያውን ዋጋ መሠረት አድርጎ ነው የሚሰላው። ከመንገድ ዳር በውድ የገዛ ሹፌር በዚያ ታሪፍ ቢሠራ ይከስራል፤ ስለዚህ አፑን ይዘጋና በንግግር ይሠራል። አይፈረድበትም።

አድራሻውስ? ካርታ ላይ ጣት አስቀምጦ መጥራት ለእኛ ሰው ገና አልተለመደም። «ከጊዮርጊስ ወረድ ብለህ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፈህ፣ አረንጓዴ በር» ነው አድራሻችን። የሰፈሩ ባጃጅ ሹፌር ይህን ሲሰማ ቀጥ ብሎ ይመጣል፤ ካርታ ብቻ የያዘው ግን ሦስቴ ይደውላል። ደግሞም የምሽት የሰዓት ገደብ በሚጣልበት ጊዜ፣ ጥሪ ታክሲ ይበልጥ የሚፈለግበት ሰዓት ራሱ ከሥራ ውጭ ይሆናል።

አፑ ስልክዎ ላይ ስለተከፈተ ብቻ ከተማዎ ውስጥ መኪና አለ ማለት አይደለም። የሚቸኩሉበት ጉዳይ ካለ አስቀድመው ሞክረው ይዩት፤ የሚያውቁትን ባጃጅ ስልክም አያጥፉት።

ለሹፌሩ ስንት ይቀረዋል?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው፣ ከሁሉ በላይም በስህተት የሚመለሰው ይህ ነው። ሰው ኮሚሽኑን ብቻ ቀንሶ ቀሪውን የሹፌሩ ትርፍ ያደርገዋል። እንደዚያ አይደለም።

ለምሳሌ ያህል ቁጥር አስቀምጠን እንይ። የ8 ኪሎ ሜትር ጉዞ ነው፣ ሂሳቡ 300 ብር። ኮሚሽኑ 15 በመቶ ቢሆን 45 ብር ይሄዳል። ሹፌሩ ተሳፋሪውን ለማንሳት 4 ኪሎ ሜትር ባዶውን ሄዷል። ካደረሰ በኋላ ሰው ስላጣ 8 ኪሎ ሜትር ባዶውን ተመልሷል። የተከፈለው ለ8 ነው፤ የነዳው ግን 20 ኪሎ ሜትር ነው። ትንሽ መኪና ለመቶ ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ትበላለች እንበል። ለ20 ኪሎ ሜትር 1.4 ሊትር መሆኑ ነው፣ ሊትሩን በ130 ብር ብንይዘው 182 ብር። ከ300 ላይ 45 እና 182 ሲነሳ 73 ብር ይቀራል። ያቺው መኪና ስትመለስ ሰው ብታገኝ ኖሮ በመጀመሪያው ጉዞ ላይ የሚታሰበው ነዳጅ የ12 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሆን ነበር፤ የሚቀረው ወደ 146 ብር ያድጋል፣ እጥፍ ማለት ነው። የኮሚሽኑ መጠን ላይ ብዙ ይወራል፤ ሹፌሩን ይበልጥ የሚበላው ግን ባዶ ኪሎ ሜትሩ ነው።

ከዚያች 73 ብር ላይ ደግሞ ዘይት አለ፣ ጎማ አለ፣ ቦሎ አለ፣ የሦስተኛ ወገን መድን አለ። ሹፌሩ የራሱ መኪና ከሌለው ለባለንብረቱ ገቢ ማስገባት አለበት። ገቢው ቀን ጠባ መሸ አይቀሬ ነው፤ ሥራ ኖረ አልኖረ፣ ነዳጅ ተገኘ አልተገኘ። ማታ ላይ ባለንብረቱ ሲደውል ልጁ ስልኩን አይቶ ሳያነሳ ትንሽ የሚቆየው ለዚህ ነው፤ ገና ያልሞላውን እየቆጠረ ነው። የራሱን መኪና የሚነዳና የሰው መኪና የሚነዳ ሹፌር በአንድ አፕ ላይ ቢሠሩም ኑሯቸው አንድ አይደለም። ስለ ሹፌሮች ሲወራ ይህ ልዩነት ቢነሳ ደስ ይለኛል።

ወንድሜ አዲስ አበባ ላይ መኪና ገዝተን ራይድ እናስገባ ይላል። ያዋጣናል?

ከላይ ያለውን ስሌት በራሳችሁ ቁጥር ሥሩት። ሹፌሩ በቀን ስንት ጉዞ እንደሚያገኝ ከኩባንያ ማስታወቂያ ሳይሆን፣ ዛሬ ከሚሠራ ሰው ጠይቁ። የሰው መኪና የሚነዳ ቢሆን ይመረጣል፤ እሱ ሳይሸፋፍን ይነግራችኋል።

መኪናው ለንግድ የሚፈቅድ ሰሌዳ ያስፈልገዋል፤ አዲስ አበባ ላይ በዚህ ሥራ የሚታዩት በአብዛኛው ኮድ 3 ናቸው። ከጥር 2016 ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ያገለገለች ቪትዝ ወይም ያሪስ የምትገዙ ከሆነ ከዓመት ዓመት የምታረጅ፣ ዋጋዋ ግን ከዕድሜዋ በላይ የተሰቀለ መኪና ነው የምትገዙት። የኤሌክትሪኳ ነዳጅ ታስቀራለች፤ ባትሪዋን ማን እንደሚጠግንና በምን ዋጋ እንደሚቀየር ግን ሳታጣሩ እንዳትፈርሙ።

ብድሩ በወር በወር ይከፈላል፤ ሥራው ግን ወር በወር እኩል አይሆንም። በቤተሰብ ገንዘብ ከሆነ ደግሞ የሹፌሩ ድርሻ፣ የጥገናው ወጪና መኪናው ጋራዥ ሲውል ገቢው እንዴት እንደሚሆን በጽሑፍ አስቀምጡ። ወንድማማችም ብትሆኑ።

ላዳዎቹንና ሚኒባሶቹን ገደላቸው የሚባለው እውነት ነው?

አዲስ አበባ ላይ ሰማያዊና ነጭ ላዳዎቹ ክፉኛ ተጎድተዋል። እነሱም የሚሠሩት ኮንትራት ነበርና የቀጥታ ተፎካካሪ መጣባቸው። ያረጀ መኪና፣ በክርክር የሚገኝ ዋጋ፣ አንድ ቦታ ቆሞ መጠበቅ። ተሳፋሪው ምርጫ ሲያገኝ ሄደ። ለዓመታት ከተማውን ያገለገሉ፣ ከላዳዋ ሌላ ሀብት ያልነበራቸው ሽማግሌ ሹፌሮች በአንድ ጊዜ እንዲህ ሲወርዱ ግን የሽግግር መንገድ ሊበጅላቸው ይገባ ነበር። ሚኒባሱ ግን ሌላ ነው። ሕዝብ በሳንቲም የሚጓጓዝበት ስለሆነ ጥሪ ታክሲ ብዙም አልነካውም።

በሌላ አገርም ይኸው ታይቷል። ኒው ዮርክ ላይ ቢጫ ታክሲ የማሰማራት ፈቃድ በውድ የሚሸጥ ነገር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 አካባቢ ዋጋው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ በፍጥነት ወደቀ። ፈቃዱን በብድር የገዙ፣ ብዙዎቹ ስደተኛ የነበሩ ሹፌሮች ዕዳ ውስጥ ተዘፈቁ። ከተማው የአፕ ታክሲዎችን ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2018 ገደበ፤ ለብዙዎቹ ግን የዘገየ ነበር።

እኛ ዘንድ ተመሳሳይ ነገር አይተናል። ባጃጅ ወደ ከተሞቻችን ሲገባ ባለጋሪው ነው ከዋናው መንገድ የወጣው። ፈረሱን የሸጠ አለ፣ ወደ ገጠሩ መንገድ የዞረ አለ፣ ልጁን ባጃጅ ላይ ያስቀመጠም አለ። ዛሬ ስለ አፕ የሚሰጋው ባጃጅ ሹፌር ትናንት ባለጋሪው የሰጋውን ስጋት ነው የሚሰጋው፤ ስጋቱም ተገቢ ነው።

ለሴት በምሽት ይሻላል? ደህንነቱ እስከምን ድረስ ነው?

ስም፣ ስልክና ታርጋ ተመዝግቦ መቅረቱ ከመንገድ ዳር ከሚቆም ማንነቱ ካልታወቀ መኪና ይሻላል። ይህ የሚሠራው ግን መዝገቡና መኪናው አንድ ሲሆኑ ነው። ታርጋው ስልክዎ ላይ ከመጣው ከተለየ አይሳፈሩ። «የወንድሜ መኪና ናት፣ የእኔ ተበላሽታ ነው» ቢልም አይሳፈሩ። ሹፌሩ ማን እንደሚፈልግ ስምዎን እሱ ይናገር እንጂ እርስዎ «እኔ እገሊት ነኝ» ብለው አይቅደሙ። ታርጋውን ፎቶ አንስተው ለቤተሰብ መላክም አንድ ደቂቃ አይወስድም።

የሹፌሩም ደህንነት አለ። ማታ ተጠርተው ሰዋራ ቦታ ላይ የተዘረፉ፣ መኪና የተወሰደባቸው ሹፌሮች አሉ። ሹፌር ጨለማ ሰፈር ውስጥ አልገባም፣ ዋናው መንገድ ላይ ይውጡልኝ ሲል ትዕቢት አድርገን ባንወስደው ጥሩ ነው።

ሹፌሩ «ሰርዙትና በውጭ እንሂድ፣ ዋጋው ያው ነው» ቢለኝ ምን ላድርግ?

ምክንያቱን መረዳት ይቻላል፤ ኮሚሽኗን ለማትረፍ ነው። ግን ጉዞው ሲሰረዝ መዝገቡም አብሮ ይጠፋል። ሻንጣ ቢረሱ፣ ዋጋው መንገድ ላይ ቢቀየር፣ አደጋ ቢደርስ በዚያ መኪና ውስጥ እንደነበሩ የሚያሳይ ነገር የለም። በቀን፣ በሚያውቁት መንገድ፣ ከሚያውቁት ሹፌር ጋር ከሆነ ውሳኔው የእርስዎ ነው። በምሽት ወይም ከማያውቁት ሰው ጋር ግን እምቢ ይበሉ። በትህትና ነው፤ «ይቅርታ ወንድሜ፣ በአፑ ነው የምሄደው» በቂ ነው። ልጁ የሚጎዳ ከመሰለዎት ሲወርዱ ጉርሻ ይስጡት።

እኔ ባጃጅ ሹፌር ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ ይጎዳኛል ወይስ ይጠቅመኛል?

ሥራህን በሁለት ክፈለው። በሰው እየጫንክ፣ በተራ የምትሠራው አለ፤ ያ ብዙም አይነካም። በኮንትራት የምትሠራው ግን ይነካል፤ ያውም ደህና ብር የምታገኝበት እሱ ነው።

ደንበኛ ያለው ሹፌር የሚፈራው ትንሽ ነው። አንድ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል በር ላይ የሚቆም ልጅ ስልኩን ሲያሳየኝ ስሞቹ እንዲህ ነበሩ፦ «ሐኪሟ አዳር»፣ «ፔዳ መምህር ጠዋት»፣ «ዳቦ ቤት ቀበሌ 13»፣ «እማማ ቅዳሴ»። ሰውየውን ሳይሆን ሰዓቱንና ቦታውን ነው የመዘገበው። ማን በስንት ሰዓት እንደሚፈልገው ስለሚያውቅ ባዶውን አይዞርም። እማማን ቤተ ክርስቲያን አድርሶ ሲመለስ ሐኪሟን ይጭናል። አፕ የሚሸጠው ዕውቀት በእሱ ስልክ ውስጥ አለ፤ ኮሚሽን የሚቆርጥበትም የለም።

ደንበኛ ለሌለው፣ ለከተማው አዲስ ለሆነ ሹፌር ግን አፕ በር ይከፍታል። ተራ አስከባሪ ሳይለምን፣ ታፔላ ሳይጠብቅ ሥራ ያገኛል። እንግዲህ ጥያቄው የቱ ጋ ነህ ነው። አንድ ነገር ግን ልምከርህ፦ የኩባንያ ሥራ ብትጀምርም የራስህን ደንበኞች ስልክ አትተው። አንድ ቀን አካውንትህ ቢዘጋ የሚቀርልህ እሱ ነው።

አካውንት ይዘጋል ሲባል ምን ማለት ነው? ሹፌሩ ሠራተኛ አይደለም እንዴ?

ቅሬታ ሲበዛ፣ የተሳፋሪ ነጥብ ሲወርድ፣ ወይም ሹፌሩ አስቀድሞ የሞላው የኮሚሽን ሂሳብ ሲያልቅ ሲስተሙ ጥሪ ማስተላለፉን ያቆማል። ሹፌሩ ጠዋት ተነስቶ ስልኩ ዝም ሲል ነው የሚያውቀው። ባለፈው ሳምንት የተቆጣ ተሳፋሪ ይሁን ሌላ ምክንያት ይኑር፣ የሚያስረዳው ሰው ለማግኘት ብዙ መመላለስ አለበት። በዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። የሰው እንጀራ ከመቋረጡ በፊት ምክንያቱ ሊነገረውና መልስ እንዲሰጥ ዕድል ሊያገኝ ይገባል።

ኩባንያዎቹ ሹፌሩን የራሱ ሥራ ያለው አጋር ነው ይላሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚሰጠው የዓመት ፈቃድ፣ የሕመም ፈቃድና የስንብት ክፍያ ለተቀጠረ ሠራተኛ ነው። አጋር የተባለ ሹፌር በዚያ በር አይገባም። በሌላ በኩል ዋጋውን የሚወስነው ኩባንያው ነው፤ ደንበኛውን የሚመርጠው ኩባንያው ነው፤ የሚያግደውም ኩባንያው ነው። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 በኡበር ላይ ሲፈርድ ያየው ይህን ነበር። ሹፌሮቹ አነስተኛው የደመወዝ ወለልና የዕረፍት ክፍያ ይገባቸዋል አለ። ካሊፎርኒያ ላይ ግን ጉዳዩ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ እ.ኤ.አ. በ2020 የኩባንያዎቹ ሐሳብ አሸነፈ፤ ሹፌሮቹ ከተወሰኑ ጥቅሞች ጋር የራሳቸው ሥራ ያላቸው ሆነው ቀሩ።

እኛስ? ሙሉ ተቀጣሪ ይሁኑ ማለት ሹፌሮቹም ሁሉ የሚፈልጉት አይደለም፤ ሲያሻቸው ገብተው ሲያሻቸው መውጣትን የሚወዱ ብዙ ናቸው። ቢያንስ ግን የአደጋ መድን፣ የኮሚሽን ለውጥ ሲኖር አስቀድሞ ማሳወቅና የእገዳ ይግባኝ ለሁሉም መኖር አለበት።

መንግሥት ኮሚሽኑን በሕግ ቢገድበው አይሻልም?

ታንዛኒያ ሞክራዋለች። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ኮሚሽኑ ከ15 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። ኡበር አገልግሎቱን አቁሞ ወጣ። ገደቡ እንደገና ወደ 25 በመቶ ከፍ ሲል እ.ኤ.አ. በ2023 ተመለሰ። መሐል ላይ የቆየው ሹፌር በዝቅተኛ ኮሚሽን ይጠቀም ነበር ቢባልም፣ ጥሪ የሚያመጣለት ድርጅት ሲጎድል የቀነሰው ኮሚሽን ብቻውን ምንም አያደርግለትም።

ከዚህ ተነስቼ ገደብ አይኑር አልልም። ብዙ ተወዳዳሪ ባለበት ከተማ ሹፌሩ ራሱ አንዱን ትቶ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ አዲስ አበባ ላይ ሁለትና ሦስት አፕ ከፍቶ የሚሠራው ለዚህ ነው። አንድ ኩባንያ ብቻ በሚገባባት ትንሽ ከተማ ግን ሹፌሩ መሄጃ የለውም። ገደቡ ይበልጥ የሚያስፈልገው እዚያ ነው። የሚቀድመው ግን ሹፌሩ በየጉዞው ተሳፋሪው ስንት እንደከፈለ፣ ከዚያ ላይ ስንት እንደተቆረጠ በግልጽ እንዲያይ ማድረግ ነው። ይህ ማንንም አያስወጣም።

የባጃጅ ማኅበራት ራሳቸው የጥሪ አገልግሎት ሊጀምሩ አይችሉም?

ይችላሉ፤ ከባዱም ክፍል ሶፍትዌሩ አይደለም። ባጃጁ አለ፣ ሹፌሩ ሰፈሩን ያውቃል፣ ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ ስላለ ክፍያውም ቀሏል። አንድ የታወቀ ስልክ ቁጥርና ቀን ከሌት ተፈራርቀው የሚያነሱ ሁለት ሦስት ሰዎች ለመጀመር ይበቃሉ። ደዋይዋ «አባይ ማዶ፣ ከድልድዩ ማዶ ባለው ማደያ በኩል» ስትል ስልክ ያነሳችው ልጅ ቦታውን ታውቀዋለች፤ ካርታ አያስፈልጋትም።

ከባዱ ጥሪውን ለማን እንስጥ የሚለው ነው። ጥሩ ጥሩውን ለዘመድና ለኮሚቴ አባል፣ ሩቁንና ጭቃውን ለሌላው ማደል ከተጀመረ አባላቱ በወር ውስጥ ይበተናሉ። ተራው በቅርበት ይሁን ወይስ በሰልፍ፣ ጥሪ እምቢ ያለ ምን ይደረጋል፣ የማታ ሥራ ላይ ማን ይመደባል፣ ይህ ሁሉ ሥራው ሳይጀመር በጉባኤ መወሰን አለበት። የሰው ባጃጅ የሚነዱትም በጉባኤው ድምፅ ይኑራቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ስብሰባ የሚገባው ባለንብረቱ ነው፣ ሌሊት የሚነዳው ግን እነሱ ናቸው።

ታሪፉን ማኅበሩ ከከተማው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጋር ተስማምቶ ያጽድቀው፤ ነዳጅ ሲጨምር እንዴት እንደሚከለስም አብሮ ይጻፍ። የስልክ አንሺዎቹን ደመወዝ ከየባጃጁ በሳምንት ትንሽ ትንሽ በማዋጣት መሸፈን ይቻላል። ማን ስንት ጥሪ እንደደረሰው የሚያሳየው ዝርዝር ደግሞ በየሳምንቱ ማኅበሩ በር ላይ ይለጠፍ፤ የሰው ባጃጅ የሚነዳው ልጅም መጥቶ ስሙን ይፈልግበት።